ሊልሳት ሲጠጋ ነው የምትነክሰው

ስልኩ

መጋቢት ላይ ነው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ። "ጋሼ፣ ቶሎ ይምጡልን፣ ሊገድላት ነው!" አለችኝ ልጅቷ። ትንፋሿን ሰብስባ ደግሞ አረመችው። "አይ፣ እሷ ናት ልትገድለው።" ከኋላዋ የእናትየው ድምፅ ይሰማል፤ መጥረጊያ አምጪ፣ በእጅሽ እንዳትነኪያቸው፣ በሩን ዝጊ።

ስደርስ ጠቡ በርዷል። በረንዳው ላይ ነጭና ቡላ ፀጉር ተቀላቅሎ ብን ብን ይላል። አንዱ ጥንቸል ካርቶን ውስጥ፣ ሌላዋ ወንበር ሥር። የወንዱ አፍንጫ ተሰንጥቆ ይደማል።

ይህን ጉዳይ ከዳር እስከ ዳር የጻፍኩት ሲዋደዱ የኖሩ ጥንቸሎች ድንገት መናከስ ሲጀምሩ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ስለሆነ ነው፤ "ምን ነካቸው?" ደግሞም እኔ ራሴ ስለተሳሳትኩ ነው። ጥንቸል ማስቀመጥ ከጀመርኩ ቆየሁ፣ አውቃለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። የሰዎቹን ስም አልጠራም። የጥንቸሎቹን ግን እንዳልቀይር ልጅቷ አስጠንቅቃኛለች።

ቤቱና ጥንቸሎቹ

ቤቱ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። እናት፣ አባት፣ የ11 ዓመት ልጅ፣ ከገጠር መጥተው አብረው የሚኖሩ አያት። ግቢው ደህና ነው። አንድ ትልቅ ማንጎ አለ፣ ጥግ ላይ ሰርቪስ ቤት፣ ከሱ አጠገብ ፀሐዩ ላይ ደግሞ አባትየው ከጣውላና ከዶሮ ሽቦ ያሠራው የጥንቸል ቤት። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ አንድ፣ ውስጥ ያለው መተኛ ሳጥንም ባለ አንድ ቀዳዳ። ምግቡ በአንድ ሳህን ነው የሚቀርበው፤ ፉሩሽካ፣ ቆስጣ፣ ሲገኝ ካሮት። ደረቅ ሳር አልፎ አልፎ።

ጥንቸሎቹ ሁለት ናቸው። ወተት ነጭ ናት፣ ሴት። ቡላ እንደ ስሙ ቡላ ነው፣ ወንድ። ሲገዙ ሻጩ "ሁለቱም ሴት ናቸው" ብሏቸው ነበር። አልፈርድበትም፤ ሕፃን ጥንቸል ጾታው ለለመደ ሰውም ያስቸግራል። ግን ጥንቸል በአራትና በስድስት ወር መካከል ይደርሳል፣ እርግዝናው ደግሞ 31 ቀን አካባቢ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ ፀጉር ያላበቀሉ ስድስት ልጆች ተገኙ። ቤተሰቡ ምን እናድርግ ብሎ ሲመክር ወር አለፈና ሌላ አምስት ተጨመረ። ሴት ጥንቸል በወለደች ቀንም ልታረግዝ እንደምትችል ያን ጊዜ ማንም አልነገራቸውም።

ጎረቤት "ለምን አታርዷቸውም" ብሎ አልጠየቀም፣ ይህን ልንገራችሁ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ጥንቸል ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም ተብሎ ከማይበሉት ጋር ተቆጥሯል፤ አያት ይህን በቃላቸው ያውቁታል። የጎረቤት ጥያቄ ሌላ ነበር። "ታዲያ ለምን ታስቀምጧቸዋላችሁ?" ልጅቷ መልስ አላት፤ "ለመዋደድ።"

ልጆቹ ለዘመድ ለወዳጅ ተሰጡ፣ ቡላ በቀዶ ጥገና ተኮላሸ። ሐኪሙ አንድ ጥሩ ነገር ነገራቸው፤ ወንድ ጥንቸል ከተኮላሸ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ሊያስረግዝ ይችላል፣ ስለዚህ ለይታችሁ አቆዩት። በሽቦ ለይተው፣ ጎን ለጎን አቆዩት። ከዚያ ሲገናኙ ምንም ጠብ አልነበረም። አንድ ዓመት ተኩል የሚያስቀና ፍቅር ሆነ። እሷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አገጩ ሥር ትገባለች፣ እሱ ግንባሯን፣ ከዚያ ዓይኗን፣ ከዚያ ጆሮዋን ይልሳል። ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል። ልጅቷ ቪዲዮው አላት፣ ማየት ለፈለገም ላልፈለገም ታሳያለች።

ጠቡ

የካቲት መጨረሻ ላይ ጠዋት ጠዋት ሳጥኑ አጠገብ የተነቀለ ፀጉር ይገኝ ጀመር። ማንም ከቁብ አልቆጠረውም። በሳምንቱ ቡላ ጀርባው ላይ ተነከሰ። ከዚያ ማታ ማታ ማባረር መጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ጥንቸል አብሮ ሲኖር መጠነኛ መጋፋት ይኖራል። አንዱ ሌላው ላይ ይወጣል፣ ያባርራል፣ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ጥቂት ፀጉር ይነቅላል፣ ያልፋል። ይህ ማን ይቅደም የሚለውን የሚጨርሱበት መንገዳቸው ነውና ሰው ጣልቃ ባይገባ ይሻላል። ጠብ ሲሆን ግን መልኩ ይለወጣል። ጆሮ ወደ ኋላ ይለጠፋል፣ ጅራት ይቆማል፣ ጉርጉር የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ሁለቱ ተቆላልፈው እንደ ኳስ ይሽከረከራሉ። እንዲህ ሲሆኑ እጁን የሚያስገባ ሰው ራሱ ይነከሳል። ጥርሳቸው ቀልድ አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን የሚያድግና በየጊዜው የሚሳል ጥርስ ነው።

በዚህ ቤት የነበረው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ጀማሪዋ ደግሞ ሁልጊዜ ወተት። "ክፉ ሆነች" ተባለ። አያት በበኩላቸው "ዓይን በልቷቸው ነው፣ ያንን ቪዲዮ ለሰው ሁሉ ስታሳዪ" አሉ።

እኔ ሳልመጣ የተሞከረው

መጀመሪያ ለይተው አስቀመጧቸው። ቡላ ሳሎን፣ ወተት ውጭ። ሁለት ሳምንት ሳይተያዩ፣ ሳይሸታተቱ። ሐሳቡ "ይናፈቁ" ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሚስት ወላጆቿ ቤት ሰንብታ እንደምትመለሰው ማለት ነው። ጥንቸል ላይ ይህ አይሠራም። ጥንቸል ወዳጁን የሚያውቀው በአብዛኛው በሽታ ነው። ሁለት ሳምንት ሳሎን ሰንብቶ የቡና ጭስና የወለል ሳሙና የሚሸት ቡላ ሲመለስ፣ ለወተት ግዛቷ ውስጥ የገባ እንግዳ ነው። ያን ማታ የባሰውን ተናከሱ።

ቀጥሎ እናትየው "ሽታቸው ይመሳሰል" ብላ ሁለቱንም በሳሙና አጠበቻቸው። ሐሳቡ ከእውነት የራቀ አይደለም፣ መንገዱ ግን አደገኛ ነው። ጥንቸል ታጥቦ ሲርስ ይደነግጣል፣ ይበርደዋል፤ በዚያ የሞተም አለ። ደግነቱ ቀኑ ሞቃት ነበር።

ሦስተኛው የአባትየው ነው። አንድ ሰው "ሁለቱንም ካርቶን ውስጥ ከተህ በባጃጅ ዙር፣ ፍርሃት ያስታርቃቸዋል" ብሎት አዞራቸው። እውነትም ካርቶኑ ውስጥ ተጠጋግተው ተቃቅፈው መጡ። ሁሉም ደስ አለው። ጥንቸሎቹ ግን የተጠጋጉት በድንጋጤ ነው። ቤት ሲደርሱ፣ ፍርሃቱ ሲለቃቸው፣ ቡላ አፍንጫው ተሰነጠቀ። ስልኩ የተደወለልኝ ያን ማታ ነው።

ደብተሩ፣ የኔም ስህተት

ሽማግሌ ሆኜ ገባሁ እንበል። የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ነበር። ሁለቱንም ጎን ለጎን አደረግናቸው፣ መሐላቸው ሁለት ሽቦ፣ በሁለቱ ሽቦ መካከል አራት ጣት የሚሆን ክፍተት። እንዲተያዩና እንዲሸታተቱ፣ ግን አፍንጫ ለአፍንጫ ተገናኝተው እንዳይነካከሱ። አንድ ሽቦ ብቻ ቢሆን በቀዳዳው ይነካከሳሉ።

ከዚያ ለልጅቷ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ አራት መስመር አሠመርኩላት። ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ጀመረ፣ ከዚያ በፊት ምን እየሆነ ነበር። በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ ሰርቪስ ቤቱ ወለል ላይ ለ10 ደቂቃ እናገናኛቸዋለን። ሰርቪሱን የመረጥነው ሁለቱም ገብተውበት ስለማያውቁ ነው፤ የማንም ግዛት አይደለም። እናትየው መጥረጊያ ይዛ ትቆማለች፣ እኔ ወፍራም ጓንት አደርጋለሁ።

አምስት ቀን፣ አሥር ጊዜ። ሰባቱን ጊዜ ጠብ ተነሳ። አራተኛው መስመር ላይ የልጅቷ ጽሕፈት አምስት ቦታ ያው ነው፤ "ሊልሳት ሲል"።

ሳነበው ቆም አልኩ። የምትነክሰው ሲመታት አይደለም። ምግቧን ሲወስድባት አይደለም። ሊልሳት ሲጠጋ ነው።

"የቱ ጋ ሊልሳት ሲል?" አልኳት።

"ግንባሯን ሲልስ ዝም ትላለች። ዓይኗንም። ወደ ጆሮዋ ሲሄድ ነው።"

ሞባይሏን አብርታ አመጣችልኝ፣ ወተትን ፎጣ ጠቅልዬ ያዝኳት። ከላይ ጆሮዋ ንጹህ ነው፣ ነጭ፣ ሐምራዊ የደም ሥር የሚታይበት። ብርሃኑን ወደ ታች፣ ወደ ቀዳዳው ውስጥ ስናደርገው ግን ቡናማ ቅርፊት ተደራርቦ ተደራርቦ ቆሟል፣ የባሕር ዛፍ ልጥ ደርቆ ሲቀረፍ እንደሚሆነው። በግራም በቀኝም። ያላየሁት ለምንድነው? በመጀመሪያው ማታ ክብደቷን መዝኛለሁ፣ ጥርሷን፣ መዳፏን፣ ቂጧን አይቻለሁ። ጆሮዋን ያየሁት ከላይ ብቻ ነው።

የባሰውም አለ። ያን ማታ አባትየው እየሳቀ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። የካቲት ላይ ቤቱን ሊያጸዳ ወተትን በጆሮዋ አንጠልጥሎ ሲያነሳት ጮኸች። "ጥንቸል ይጮሃል እንዴ?" ብሎ ነበር የሳቀው፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥንቸል የሚጮኸው እጅግ ሲያመው ወይም ሞት ሲመስለው ነው። በጆሮ ማንሳት ራሱ ነውር ነው፣ ጆሮው መያዣ አይደለም፤ ግን ከነውሩም በላይ ያ ጩኸት መልሱ ነበር። መልሱን ሰምቼ ለአምስት ቀን ደብተር አስሞላሁ፣ እሷ እያመማት። በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ነበረብን።

ሐኪም ጋ

ሁለቱንም ወሰድናቸው፣ የታመመችውን ብቻ አይደለም። አንዷ ብቻ ሄዳ ብትመለስ የመድኃኒትና የሌላ እንስሳ ሽታ ይዛ ትመጣለች፣ ሌላ ጠብ ይጨመር ነበር። ካርቶኑን በመሐል ከፈልነውና ባጃጅ ይዘን በአዲሱ የአባይ ድልድይ ተሻገርን። አሁንስ ለሕክምና ነው አለ አባትየው።

የጆሮ እከክ ነው። በዓይን እምብዛም የማትታይ ተባይ ጆሮ ውስጥ ትራባለች፣ ቆዳውን ታስቆጣለች፣ ከዚያ የሚወጣው ፈሳሽ ይደርቅና ቅርፊት ይሆናል። በጣም ያሳክካል፣ ሲብስ ያማል። ጥንቸል ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል፤ ለነብርና ለቀበሮ የሚታደን እንስሳ ነው፣ ደካማ መስሎ መታየት አይፈልግም። ስለዚህ ቅርፊቱ ጆሮዋን እስኪሞላው ድረስ ትበላለች፣ ትሮጣለች፣ ደህና ትመስላለች። ወዳጇ ምላሱን እዚያ ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ።

እናትየው ቅርፊቱን በዘይት አርሳ ልታነሳላት ፈልጋ ነበር። ሐኪሙ ከለከላት። ሲነቀል ከሥሩ ያለው ሥጋ ይደማል፣ ሕመሙ ይብሳል፤ ተባይዋ ስትሞት ቅርፊቱ ራሱ ይረግፋል። አይቨርሜክቲን ከቆዳዋ ሥር ወጋት፣ የሕመም ማስታገሻ ጨመረላት፣ ቡላንም ወጋው፤ የሱ ጆሮ ውስጥም ጅምሩ ነበር። ከ14 ቀን በኋላ ሁለተኛ መርፌ። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል በኋላ የሚፈለፈለውን ለመያዝ ነው። ቤታቸው ውስጥ የነበረው ሳርና ጭድ ሁሉ ተቃጠለ፣ ጣውላው በፈላ ውሃ ታጠበ።

እግረ መንገዱን ሐኪሙ የተናገረውን ሁለት ነገር እዚህ ላስቀምጥ፣ ምክንያቱም ሰው ቤት ያለውን መድኃኒት ማንሳት ይወዳል። አሞክሳሲሊንና ሌላውን የፔኒሲሊን ዘር ለጥንቸል በአፍ መስጠት አንጀቱ ውስጥ ያለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ገድሎ እሱንም ሊገድለው ይችላል። ፊፕሮኒል ያለበት የውሻ ቁንጫ መድኃኒትም እንዲሁ መርዝ ነው። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ይሁን።

ከየት መጣ? የጥምቀት ሰሞን ከዘመድ ቤት አንድ ጥንቸል ለሳምንት በእንግድነት መጥቶ ከነሱ ጋር አድሯል። ራሱን ቶሎ ቶሎ ያራግፍ ነበር ትላለች ልጅቷ። ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ማስታረቅ

አንድ ነገር ጠብቄ ነበር። ሕመሙ ሲያልፍ ጠቡም ያልፋል ብዬ። አላለፈም። በሁለተኛው ሳምንት ቅርፊቱ ረግፎ ጆሮዋ ሐምራዊ ሆኖ ጸዳ። ቡላ ግን ለአንድ ወር ሲነከስ ኖሯል። አሁን ስትጠጋው እሱ ቀድሞ ይዘላል። በዳይና ተበዳይ ቦታ ተለዋወጡ። እሱ በበኩሉ ትክክል ነው፤ እሷ መጠጋት ማለት ንክሻ ነው ብሎ ተምሯል።

ስለዚህ እንደ አዲስ ጀመርን። በየቀኑ መተኛ ጨርቃቸውን እናለዋውጣለን፤ እሱ የሷ ላይ፣ እሷ የሱ ላይ። በሦስት ቀኑ ቦታቸውንም፣ እሱ ወደሷ ክፍል፣ እሷ ወደሱ። ሰርቪስ ቤት ውስጥ መገናኘቱ ቀጠለ፣ ግን ወለሉ ላይ ትኩስ ሳርና የደረቀ ዝሆን ሳር በተንን። አንድ ሳህን የነበረው ቀረ። ሲበሉ ጎን ለጎን ይሆናሉ እንጂ ፊት ለፊት አይፋጠጡም፤ ይህ ትልቅ ልዩነት አለው።

ልጅቷ የ10 ደቂቃውን ሰዓት በጣም ትጠብቅ ነበርና አንድ ቀን 10 ደቂቃ ሲሞላ ሁለቱ ጆሮ ለጥፈው ተፋጠው ሳለ አነሳቻቸው። ይህን አስተካከልን። የሚነሱት ጸጥ ባሉበት ሰዓት ነው፣ ደቂቃው ባይሞላም። የመጨረሻው ትዝታቸው ጠብ ከሆነ ነገ የሚጀምሩት ከዚያ ነው።

በሚያዝያ አጋማሽ ግማሽ ሰዓት አብረው ይቀመጡ ጀመር። ተራርቀው ግን በሰላም። አንድ ቀን ቡላ እግሩን ዘርግቶ ተጋደመ። ጥንቸል ካልተማመነ አይጋደምም። እናትየው ስልክ ደውላ "ታረቁልህ" አለችኝ።

በማግስቱ ወተት እንደ አራስ ነብር ሆነች። ሽቦው ሥር የሚያልፈውን ሁሉ፣ የልጅቷን እጅ ጭምር፣ ትዘልበታለች። ማታ ላይ አፏ ሙሉ ጭድ ይዛ ወደ ሳጥኗ ስትመላለስ ታየች፣ አፏ ዳርና ዳሩ ጢም ያወጣ ይመስላል። በነጋታው ከአገጯ ሥር ፀጉሯን ነቅላ ሳጥኑን አልብሳዋለች።

"አረገዘች!" አለ አባትየው፣ ሐኪሙን ሊሞግት ተነሳ። አላረገዘችም። ሴት ጥንቸል እንቁላል የምታፈራው ወንድ ሲወጣባት ነው፤ ወንዱ የተኮላሸ ቢሆንም ሰውነቷ ይህን አይለይም። ቡላ ባለፉት ሳምንታት ሁለት ሦስቴ ወጥቶባታል፣ ደብተሩ ላይ አለ። የውሸት እርግዝና ነው። 16 ወይም 18 ቀን ገደማ ይቆያል፣ በመጨረሻው ላይ ጎጆ ትሠራለች፣ ያን ሰሞን ማንንም አታስጠጋም። የሠራችውን ጎጆ ሳንነካ፣ ሳናገናኛቸው፣ ጎን ለጎን ብቻ አድርገን አንድ ሳምንት ቆየን። አለፈ። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ "አልሆነም፣ ለሰው እንስጣት" ተብሎ ነበር፤ ተጀምሮም ነበር።

እሷን ማምከን ይህን ያስቀር ነበር። ዕድሜዋ ሲገፋ የማኅፀን ካንሰርንም ይከላከል ነበር፣ ባልመከኑ አሮጊት ጥንቸሎች ላይ ይህ በሽታ ብዙ ነው። ሐኪሙ ግን የሴቷ ቀዶ ጥገና ከወንዱ ይከብዳል፣ ማደንዘዣውም ለጥንቸል አስጊ ነው፣ እኔ አልደፍርም ብሎ በግልጽ ነገራቸው። አልደፍርም ያለ ሐኪም ይመቸኛል።

ቆርቆሮው

ይህን ዘግይቼ ነው ያየሁት። ደብተሩ ላይ የማታ ጠቦች ከጠዋቱ ይበዛሉ። ጥንቸል ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው የሚነቃቃው፣ ስለዚህ አልገረመኝም ነበር። አንድ ቀን ግን 9 ሰዓት ላይ ደርሼ እጄን የጥንቸል ቤቱ ውስጥ አስገባሁ። ምጣድ ነው። የባሕር ዳርን የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ያ ደግሞ ቆርቆሮ ሥር፣ ፀጉር ለብሶ፣ ላብ ሳያልበው። ጥንቸል አያልበውም፤ ሙቀት የሚያወጣው በዋናነት በጆሮው ነው። ሙሉ ቀን እንዲያ ተንገብግበው ማታ ሲነቃቁ ትዕግሥት ከየት ይምጣ?

አራት ሰው ተሸክሞ ቤቱን ማንጎው ሥር አደረገው። ቆርቆሮው ላይ ደንገል ደርበን አሰርን፣ ያው ታንኳ የሚሠራበት ደንገል። ዳር ዳሩን በልተውታል፣ በየሳምንቱ እንቀይራለን። ቀን ቀን በረዶ የሆነ ውሃ ያለበት ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልለን ወለሉ ላይ እናስቀምጣለን። በመጀመሪያው ቀን ሸሹት። በሦስተኛው ቀን ወተት ጎኗን አስደግፋበት ተኝታ ነበር።

መተኛ ሳጥኑ ላይም ሁለተኛ ቀዳዳ ተከፈተ። አንድ ቀዳዳ ያለው ሳጥን ወጥመድ ነው። አንዱ በሩ ላይ ከቆመ ሌላው መውጫ የለውም፣ መውጫ ያጣ ጥንቸል ደግሞ ይዋጋል። የአንድ መጋዝና የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከሁሉም ርካሹ ይህ ነበር፣ ከሁሉም መጀመሪያ መሠራት የነበረበትም ምናልባት ይህ ነው።

አንድ ጎረቤት ሳር ሲወደድ አይቶ አንድ ማዳበሪያ እምቦጭ ከሐይቁ ዳር በነጻ አምጥቶ ነበር። በደግነት ነው። አልሰጠናቸውም። እምቦጭ ውሃው ውስጥ ያለውን ብረታ ብረትና ቆሻሻ የሚመጥ ተክል ነው፣ ለሁለት ጥንቸል ብዬ አልሞክርም።

የሠራው፣ ያልሠራው

ሳያገናኙ ማራቅ አልሠራም። እጥበቱ አልሠራም። ባጃጁ አልሠራም። ሕክምናው ብቻውንም አልሠራም፣ ግን ያለሱ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነበር። ቦታ መቀየሩ፣ ሁለተኛው ቀዳዳ፣ የተበተነው ሳር፣ የጨርቅ ልውውጡ በተቀራራቢ ጊዜ ስለሆኑ የትኛው ምን ያህል እንደረዳ መለየት አልችልም። ከመጀመሪያው ስልክ እስከ አብሮ ማደር 11 ሳምንት ፈጅቷል። "በሳምንት ይታረቃሉ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የኔዎቹ ሰነፎች ናቸው በሉት።

ለሌላ ቤት የሚሆን

ድንገት የመጣ ጠብን ስታዩ መጀመሪያ ጠባይ አትፈልጉ፣ ሕመም ፈልጉ። የጆሮ ውስጥ በብርሃን፣ የፊት ጥርስ፣ መዳፍ፣ ቂጥ፣ ሆድ። በተለይ የሚነክሰውን። ሁላችንም የተነከሰውን ነው የምናክመው፤ እዚህ ቤት ቡላ ለአፍንጫው ቅባት ሲቀባ የታመመችው ወተት "ክፉ" ተብላ ጥግ ላይ ነበረች። ጥንቸል ግማሽ ቀን ምንም ካልበላ ደግሞ ስለ ጠብ ማሰብ ትታችሁ ሐኪም ፈልጉ፣ አንጀቱ ከቆመ ጊዜ አይሰጥም።

መለየት ካለባችሁ ለዩ፣ ደም እየፈሰሰ ቆሞ ማየት የለም። ግን ጎን ለጎን ይሁን፣ በሁለት ሽቦ። ሐኪም ጋ ሲኬድ ሁለቱም ይሂዱ። እንግዳ ጥንቸል ሲመጣ፣ የዘመድም ቢሆን፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቀመጥ።

ደብተሩን አትናቁት። ከአራቱ መስመር የሚጠቅመው የመጨረሻው ነው፣ "ከዚያ በፊት ምን እየሆነ ነበር"። ማን ጀመረ የሚለው እኛን ወደ ፍርድ ነው የሚወስደን። እንዲያውም አሁን ብሠራው ያንን መስመር አላስገባውም። ደብተሩንም የሚይዘው ልጁ ይሁን። አዋቂ ያየውን ሳይሆን የገመተውን ይጽፋል፤ እኔ በያዝኩት አንድ ቀን ላይ "ያለ ምክንያት" ብዬ ጽፌያለሁ። ልጅቷ ሰርዛው "ጆሮዋን" ብላለች።

አሁን

አብረው ያደሩት ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለበት ማታ። ልጅቷ ጃንጥላ ይዛ ሦስቴ ወጥታ አይታቸዋለች። በሦስተኛው ሁለቱ አንድ ሳጥን ውስጥ ነበሩ፣ ሁለተኛው ሳጥን ባዶ።

አሁንም አልፎ አልፎ ይገፋፋሉ። ካሮት ሲመጣ ወተት ታባርረዋለች፣ እሱ በሁለተኛው ቀዳዳ ይወጣል፣ ያበቃል። አባትየው በጆሮ ማንሳት ትቷል፤ አንድ እጁን ደረቷ ሥር፣ አንዱን ቂጧ ሥር አድርጎ፣ እንደ ሕፃን ታቅፏት ሲሄድ አያት ይስቁበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷ በሞባይሏ ብርሃን ጆሯቸውን ታያለች።

ባለፈው ስሄድ ማንጎው ሥር ተቀምጬ አየኋቸው። ወተት አንገቷን ዝቅ አድርጋ አገጩ ሥር ገባች። ቡላ ግንባሯን ላሰ፣ ዓይኗን ላሰ፣ ጆሮዋ ሥር ሲደርስ ቆም አለ፣ ወደ ግንባሯ ተመለሰ። "እስካሁን እዚያ ጋ ሲደርስ ይዘለዋል" አለችኝ ልጅቷ።